ተፈጥሮ ግራና ቀኟን ታውቃለችን?



የዛሬውን ጽሑፌን በኑዛዜ ልጀምር ነው። ከአንድ ወር በፊት በማስተምርበት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት አሳፍሬአለሁ። ዕዳዬን የምከፍለው በዚህ ዓምድ ነውና እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕለቱ ትምህርት ስለ ብርሃንና ስለ መስታወት ነበር። ከቤት ይዤው የመጣሁትን የፊት መስታወት ከጥቁር ሰሌዳው ጎን አቁሜ፥ ብርሃን ነጥሮ እንዴት እንደሚመለስ ካስረዳሁ በኋላ፥ ጥቂት ፍልስፍና ልጨምርበት ፈለግሁ። «በመስታወቱ ውስጥ የምታዩት ዓለም ግራው ቀኝ፥ ቀኙ ግራ ሆነ እንጂ ሕጉ እንደኛው ዓለም ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ የሚወረወር ኳስ እንደኛው ኳስ ይወድቃል። እዚያ ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪዎቹ ወደ ግራ ቢዞሩም ያው ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት ሠሪ እንዲህ ያለውን ሰዓት ልሥራ ቢል የሚከለክለው የተፈጥሮ ሕግ የለም» አልኋቸው። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር፥ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ እጁን አነሣና «ጋሼ፥ ይህን ማን ፈተነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ግልጽ የሆነ ነገር አይፈተንም፤ ቁጭ በል» አልሁት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ።

ማታ የሚቀጥለውን ትምህርት ሳዘጋጅ የኮሌጅ ደብተሬን ገለጥሁ። ለፈተና አጥንቼው በፈተናው ማግስት የረሳሁት ገጽ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የልጁን ጥያቄ በ1956 ሁለት ወጣት ሊቃውንት ጠይቀውታል፤ የተገኘውም መልስ እኔ እንዳልሁት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በማግስቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ዳሩ ግን ይቅርታ ለጥያቄ መልስ አይሆንም።

እስቲ አስቀድመን ቀላል የሚመስለውን ነገር እንመርምር። ቀኝ ማለት ምን ማለት ነው? በጣት ሳትጠቁሙ በቃል ብቻ ለማስረዳት ሞክሩ። ይህን ጥያቄ ለክፍሌ ሰጥቼ ብዙ ተሣሣቅን። አንደኛው «የምንበላበት እጅ» አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ግራኝ ነበርና ወዲያው ተቃወመ። ሁለተኛይቱ «ልብ ካጋደለበት ጎን ሌላው ጎን» አለች። ይህ ይሻላል፤ ነገር ግን ልቡ በቀኝ በኩል ሆኖ የሚወለድ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል፥ በጤናም ሊኖር ይችላል። ሦስተኛው ፊትን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ሲቆሙ ደቡብ የሚውልበት ጎን ነው አለ። ይህ የቀደሙት ሰዎች መልስ ነው፤ በግዕዝ «የማን» ማለት ቀኝ እንደ ሆነና የመን የተባለው አገር ስም ከዚሁ ሥር ጋር ዝምድና እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ነገር ግን ሦስቱም መልሶች አንድ ያለ ነገርን ይጠቁማሉ፤ እጅን፥ ልብን፥ ፀሐይን። እነዚህን አይቶ የማያውቅ፥ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የሚኖር፥ በራዲዮ ብቻ የምናነጋግረው ፍጡር ቢኖር ምን እንለዋለን? ስለ ርዝመት ልንነግረው እንችላለን፤ ቁመታችን የሃይድሮጂን አቶም ስፋት ይህን ያህል እጥፍ ነው ብንለው ይገባዋል፥ ሃይድሮጂን በሁሉም ዘንድ አንድ ነውና። ቀኝ የቱ እንደ ሆነ ለመንገር ግን ከተፈጥሮ ሕግ ውስጥ ግራን ከቀኝ የሚለይ አንድ ነገር ማግኘት ይኖርብናል። እርሱ ካልተገኘ ያ ወዳጃችን ግራ እንደ ገባው ይኖራል።

የፊዚክስ ሊቃውንት እስከ 1956 ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በሕጉ ውስጥ የለም ይሉ ነበር። እምነታቸውም እንዲያው የመጣ አልነበረም። በ1924 ኦቶ ላፖርት የተባለ ሊቅ ከብረት አቶም የሚወጣውን ብርሃን ሲመረምር የአቶሙ ሁኔታዎች በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ አስተዋለ። በ1927 ደግሞ የሃንጋሪው ተወላጅ ዩጂን ዊግነር ይህ አከፋፈል የሚመነጨው ሕጉ በመስታወት ውስጥም ያው ከመሆኑ እንደ ሆነ አሳየ። ሁለቱን ወገኖች እንደ ተጋማሽና እንደ ጎዶሎ ቍጥር አስቡአቸው። ተጋማሽ የሆነ ነገር ቢፈርስም ቢጋጭም ሂሳቡ ሲደመር ተጋማሽ ሆኖ ይቀራል፤ ጎዶሎም እንዲሁ ጎዶሎ። ይህን ምልክት ፓሪቲ ይሉታል፤ የማይለወጥ በመሆኑም «ፓሪቲ ይጠበቃል» ይላሉ። የአቶምን ብርሃን ለሚያጠኑ ሰዎች ሕጉ ዕለት በዕለት የሚሠሩበት መሣሪያ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያገለግል የኖረን መሣሪያ ማን ይጠራጠራል?

በተፈጥሮ ውስጥ የታወቁት ኃይሎች አራት ናቸው። ስበት አለ፤ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል አለ፤ የአቶምን አስኳል ጨምድዶ የሚይዘው ብርቱ ኃይል አለ። አራተኛው ደካማው ኃይል ይባላል። ስሙ አያሳስታችሁ። ይህ ኃይል ባይኖር ፀሐይ ባልነደደች ነበር፤ በፀሐይ ውስጥ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ለመለወጥ ሲጀምር ፕሮቶንን ኒውትሮን የሚያደርገው እርሱ ነው። በራሳችሁም ገላ ውስጥ ይሠራል። በሰው አካል ካለው ፖታሲየም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ፖታሲየም 40 የተባለው ዓይነት ነው፤ ይህን ዓረፍተ ነገር በምታነቡባት በእያንዳንዷ ሴኮንድ በገላችሁ ውስጥ 4 ሺህ ያህል የፖታሲየም 40 አስኳሎች ይፈርሳሉ፥ አብዛኞቹም ኤሌክትሮን ይተፋሉ። ይህ ኤሌክትሮን የመትፋት ዓይነት የቤታ መፈራረስ ይባላል። የታሪካችን ቦታ ይኸው ነው።

ችግሩ የተነሣው ከጠፈር ከሚመጡ ጨረሮችና ከታላላቆቹ የፍተሻ መኪናዎች በተገኙ አዳዲስ ቅንጣቶች ነው። ታው እና ቴታ የሚል ስም የተሰጣቸው ሁለት ቅንጣቶች ነበሩ። በክብደት እኩል፥ በዕድሜ እኩል፤ ነገር ግን አንዱ ሲፈርስ ሁለት ፓይዮን፥ ሌላው ሲፈርስ ሦስት ፓይዮን ይወጣዋል። የፓሪቲው ሂሳብ ሲሠራ አንደኛው ተጋማሽ፥ ሁለተኛው ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በመልክም በዕድሜም የማይለያዩ ሁለት መንትዮች ናቸውን? ወይስ አንድ ሰው ነው፥ ሂሳቡ ነው የተሳሳተው? በሚያዝያ 1956 በሮቸስተር ከተማ በተደረገው ጉባኤ ላይ ማርቲን ብሎክ የተባለው ሊቅ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ አፍሮ ነው መሰለኝ፥ አብሮት አንድ ክፍል ያደረው ሪቻርድ ፋይንማን በብሎክ ስም ተነሥቶ ጠየቀለት። የኋላ ወንበር ልጆች በየትም አገር አሉ ማለት ነው።

ጥያቄውን ወደ ቤታቸው ይዘው የሄዱት ሁለት ቻይናውያን ናቸው። ትሱንግ ዳዎ ሊ በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፥ የ29 ዓመት ወጣት፤ ቼን ኒንግ ያንግ የፕሪንስተን ሰው ሲሆኑ ዕድሜያቸው 33 ነበር። ያደረጉት ነገር ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ስለ ቤታ መፈራረስ እስከዚያ ቀን የተሠሩትን ፍተሻዎች ሰብስበው አንድ በአንድ መረመሩና እያንዳንዱን «አንተ ስለ ግራና ቀኝ ምን ትመሰክራለህ?» ብለው ጠየቁት። አንዱም ምስክር ሆኖ አልተገኘም። ፍተሻዎቹ ሁሉ የለኩት በመስታወት ውስጥ የማይለወጠውን ነገር ነበር፤ ጉልበትን፥ ዕድሜን፥ ብዛትን። ስለ ስበት የማይነገር ቢሆንም፥ በኤሌክትሪክና በብርቱው ኃይል ረገድ ፓሪቲ መጠበቁ በጥሩ ማስረጃ የተረጋገጠ ነበር፤ በደካማው ኃይል ረገድ ግን ማስረጃ የሚባል ነገር ከቶ አልነበረም። ሰው ሁሉ ያመነው ሌላው ሰው ፈትኖታል እያለ ነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ። በ1928 ኒውዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ኮክስና ጓደኞቹ ከራዲየም የሚወጡ ኤሌክትሮኖች ሲነጥሩ ሁለቱ ጎኖች እኩል አለመሆናቸውን ተመልክተው ጽፈው ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ነገር የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ያለው ሰው አልነበረምና ጽሑፉ ተረስቶ ቀረ። ትርጉሙ የተገለጠው ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ቍጥር የኮክስ ነገር ያሳዝነኛል።)

የሊና የያንግ ጽሑፍ በጥቅምት 1956 ታተመ። ጽሑፉ ሕጉ ተሽሯል አላለም፤ እንዲህና እንዲህ አድርጋችሁ ፈትኑ ነበር ያለው። ከዚያ በፊት ገና በጸደይ ወራት ሊ የኮሎምቢያ ባልደረባቸውን ዶክተር ቺየን ሺዩንግ ዉን አማክረው ነበር። ዶክተር ዉ በ1912 በሻንጋይ አቅራቢያ የተወለዱ፥ በ1936 ለትምህርት ወደ አሜሪካ የተሻገሩ፥ በቤታ መፈራረስ ፍተሻ ወደር ያልነበራቸው ሴት ናቸው። በዚያ ዓመት ከባለቤታቸው ጋር ኩዊን ኤልዛቤት በተባለችው መርከብ ወደ አውሮፓና ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለመጓዝ ቦታ ይዘው ነበር፤ ከአገራቸው ከወጡ ሃያ ዓመት መሙላቱ ነው። ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ይህን ፍተሻ መሥራት እንደሚገባቸው በተረዱ ጊዜ ባለቤታቸውን ብቻቸውን ሸኝተው እርሳቸው ቀሩ።

አሁን ፍተሻው ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ። ነገሩን በእንዝርት አስቡት። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ ገፋ አድርገው ይለቁታል፤ እርሱም ይሾራል። በሚሾረው እንዝርት አጠገብ መስታወት ብታቆሙ፥ በመስታወቱ ውስጥ ያለው እንዝርት በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሾር ታያላችሁ፤ ላዩ ግን ላይ፥ ታቹም ታች እንደ ሆነ ነው። አሁን ደግሞ የምድርን ስበት ለጊዜው እንርሳና ከእንዝርቱ ላይ ብናኝ የሚረግፍ ይሁን። ብናኙ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ከረገፈ፥ በመስታወቱ ውስጥ ያለው እንዝርት በዚህ ዓለም ከሚገኝ በተቃራኒው ከሚሾር እንዝርት ጋር ምንም ልዩነት የለውም። ብናኙ ወደ አንድ ጫፍ ከበዛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ወደ ቀኝ ለሚሾረው ብናኙ ወደ ታች ቢበዛ፥ በመስታወት ውስጥ ወደ ግራ ለሚሾረውም ወደ ታች ይበዛል፤ በዚህ ዓለም ግን ወደ ግራ የሚሾረው እንዝርት የተገለበጠው ያው እንዝርት ነውና ብናኙ ወደ ላይ ነው የሚበዛው። ስለዚህ መስታወቱ በዓለም ላይ የሌለ ነገር አሳየ ማለት ነው።

የዶክተር ዉ እንዝርት ኮባልት 60 የተባለው አቶም አስኳል ነበር፤ ብናኙም የሚተፋው ኤሌክትሮን። አስቸጋሪው ነገር አስኳሎቹን ማሰለፍ ነው። በተራ ሙቀት እያንዳንዱ አስኳል ወደ ፈቀደው አቅጣጫ ስለሚሾር ወደ ላይ የሚተፋውና ወደ ታች የሚተፋው ተደባልቆ እኩል ይመጣል። አስኳሎቹን በማግኔት ኃይል አንድ ወገን ለማስያዝ ሙቀቱ ከዜሮ ሁሉ በታች ወደ ሆነው፥ ከዚያ የሚያንስ ቅዝቃዜ ወደሌለበት ወሰን ማውረድ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ከወሰኑ በላይ አንድ መቶኛ ዲግሪ ያህል እስኪቀረው አወረዱት። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ያላቸውና አሠራሩን የሚያውቁት ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የልክና የመስፈሪያ መሥሪያ ቤት የነበሩት ኧርነስት አምብለርና ባልደረቦቹ ነበሩ። ዶክተር ዉ ማስተማራቸውን ሳይተዉ በኒውዮርክና በዋሽንግተን መካከል ይመላለሱ ጀመር።

ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚቆም ነገር በመሆኑ ኮባልቱ በአንድ ክሪስታል ገጽ ላይ በስሱ መቀባት፥ የኤሌክትሮኑ መቍጠሪያም እዚያው ቅዝቃዜና ባዶነት ውስጥ ከኮባልቱ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። መቍጠሪያው ኤሌክትሮን ሲነካው ብልጭ የሚል ትንሽ ክሪስታል ነው፤ ብልጭታውን በረጅም የመስታወት መሳይ ዘንግ ወደ ውጭ ያወጡታል። ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ አስኳሎቹ ተሰልፈው የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ክሪስታሉ ሲሞቅ ሰልፉ ይፈርሳል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ይቈጥራሉ። ቀጥሎ የማግኔቱን አቅጣጫ ይገለብጡና አስኳሎቹን በተቃራኒው አሾረው እንደ ገና ይቈጥራሉ። ሁለቱ ቍጥሮች እኩል ከሆኑ አሮጌው ሕግ ቆመ፤ ካልሆኑ ወደቀ።

እኩል አልሆኑም። ልዩነቱም ዓይን የሚያሻሽ አልነበረም፤ ትልቅ ነበር። ዶክተር ዉ ግን አላመኑትም። የገና ዋዜማ ዕለት በረዶ ወርዶ የአውሮፕላን ማረፊያው ስለ ተዘጋ በባቡር ወደ ኒውዮርክ ተመልሰው ነገሩን ለሊ ነገሯቸው፤ ዳሩ ግን ወዲያው ተመልሰው ያሳስተናል ብለው የጠረጠሩትን ነገር ሁሉ መፈተሽ ቀጠሉ። ፍተሻውን የጨረሱት ጥር 9 ቀን 1957 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሃድሰን የተባለው ባልደረባቸው ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ጠርሙስ ወይን አወጣና በወረቀት ኩባያ ጠጡ።

ውጤቱን እንዲህ አድርጋችሁ ልታስታውሱት ትችላላችሁ። የግራ እጃችሁን ጣቶች አስኳሉ በሚሾርበት አቅጣጫ አጠፍ አድርጉ፤ የቆመው አውራ ጣታችሁ ኤሌክትሮኖቹ የሚበዙበትን ጫፍ ያመለክታል። ግራ እጅ ነው፥ ቀኝ አይደለም። ኮባልት ግራኝ ነው።

በዚህ መካከል ወሬው በኮሎምቢያ ተሰምቶ ነበር። ዓርብ ጥር 4 ቀን በምሳ ላይ የሰማው ሊዮን ሌደርማን የዚያኑ ምሽት ለባልደረባው ለሪቻርድ ጋርዊን ስልክ ደወለ፤ ሚዮን የተባለውን ቅንጣት በመጠቀም ከቅዳሜና እሑድ አልፈው ማክሰኞ ጧት ያንኑ መልስ በሌላ መንገድ አገኙት። በቺካጎም ቴሌግዲና ፍሪድማን በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። ሠላሳ ዓመት ያልተጠየቀው ነገር አንዴ ከተጠየቀ በኋላ በአራት ቀን ተመለሰ!

የታላላቆቹ ሰዎች ነገር ደግሞ አለ። ፋይንማን፥ ያ ጥያቄውን ለሰው የጠየቀው፥ ሕጉ አይወድቅም ብሎ ሃምሳ ለአንድ ተወራርዶ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው የቮልፍጋንግ ፓውሊ ነው። ፓውሊ በዘመኑ የማንንም ስሕተት የማያልፍ፥ ስለ ቤታ መፈራረስም ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣት መኖር አለበት ብሎ በ1930 አስቀድሞ የተናገረ ሰው ነው። ጥር 17 ቀን 1957፥ ወሬው ገና ዙሪክ ሳይደርስ፥ ለቪክቶር ቫይስኮፍ በጻፈው ደብዳቤ ጌታ ደካማ ግራኝ ነው ብዬ አላምንም፥ ብዙ ገንዘብ ልወራረድ ዝግጁ ነኝ የሚል ቃል ይገኛል። በጥቂት ቀን ውስጥ እውነቱ ደረሰው። ከዚያም ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ ገንዘብ ቢወራረድ ኖሮ ኪሱ እንደማይችለው፥ መሣቂያ መሆኑን ግን እንደሚችለው በዚያ አምኗል። እኔ ይህን ደብዳቤ ሳስብ ያንን «ቁጭ በል» ያልሁበትን ቀን ጥቂት ይቀለኛል።

ሊና ያንግ በዚያው በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ሊ 31፥ ያንግ 35 ዓመታቸው ነበር። (ሊ በ2024፥ ያንግ በ2025 አርፈዋል፤ ያንግ 103 ዓመት ኖረው።) ዶክተር ዉ በሽልማቱ ውስጥ አልገቡም። ጥያቄውን የጠየቁት ተሸለሙ፥ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ መልሱን ያወጡት ቀሩ። ለእርሳቸው የእስራኤሉ የዎልፍ ሽልማት በ1978 ተሰጣቸው፤ በፊዚክስ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እርሳቸው ናቸው። ይህ በቂ ነው የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም።

ወደ ሩቁ የራዲዮ ወዳጃችን እንመለስ። አሁን ቀኝን ልናስረዳው የምንችል ይመስላል፤ «ኮባልት አቀዝቅዝ፥ አስኳሉን አሰልፍ፥ አውራ ጣቱን ወደ ኤሌክትሮኖቹ አድርገህ ጣቶችህ ከሹረቱ ጋር የሚታጠፉልህ እጅ ግራህ ነው» እንለዋለን። ዳሩ ግን አንድ ተንኮል አለ። ለእያንዳንዱ ቅንጣት ኤሌክትሪኩ የተገለበጠ አምሳያ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ለኤሌክትሮን ፖዚትሮን፥ ለፕሮቶን ፀረ ፕሮቶን። ወዳጃችን የተሠራው ከፀረ ቁስ ከሆነ የእርሱ ኮባልት ፀረ ኮባልት ነው፤ እርሱም ፖዚትሮን የሚተፋ፥ በቀኝ እጅ ሕግ የሚሄድ ግራ ያልሆነ ኮባልት ነው። ስለዚህ ቀኙን ግራ፥ ግራውን ቀኝ ብሎ ይማራል፥ እኛም አናውቅም።

ሊቃውንቱ በዚህ ተጽናኑ። መስታወቱ ብቻውን ቢያሳስትም፥ ግራን በቀኝ ከመለወጥ ጋር ቁስን በፀረ ቁስ የሚለውጥ ድርብ መስታወት ቢኖር ሕጉ ደኅና ሆኖ ይገኛል አሉ። የሩሲያው ሌቭ ላንዳው በ1957 ይህንን ሐሳብ በጽሑፍ አውጥቷል። መጽናኛው ሰባት ዓመት ቆየ።

በ1964 ጄምስ ክሮኒንና ቫል ፊች፥ ከክሪስተንሰንና ከቱርሌ ጋር ሆነው፥ በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ገለልተኛውን ኬኦን መረመሩ። (የቀድሞዎቹ ታውና ቴታ አንድ ቅንጣት ሆነው ኬኦን ተብለዋል፤ ይህ ኤሌክትሪክ የሌለው ወንድማቸው ነው።) ከኬኦን ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ወዲያው ይፈርሳል፥ ሁለተኛው ከእርሱ አምስት መቶ እጥፍ በላይ ይኖራል። ድርቡ መስታወት እውነተኛ ከሆነ ይህ ዕድሜ ረጅሙ ወደ ሁለት ፓይዮን ከቶ ሊፈርስ አይችልም። ከ22 ሺህ 700 ያህል መፈራረስ ውስጥ 45 ያህሉ ወደ ሁለት ፓይዮን ሆኖ ተገኘ። ከሺህ ሁለት መሆኑ ነው። በዚህ ክሮኒንና ፊች በ1980 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

በ1967 ደግሞ ይኸው ረጅም ዕድሜ ያለው ኬኦን በሌላ መንገድ ሲፈርስ፥ ከ2 ሺህ ያህል ጊዜ 1003 ያህሉ ፖዚትሮን፥ 997 ያህሉ ኤሌክትሮን እንደሚያወጣ ተለካ። እንግዲህ ለወዳጃችን የምንልከው መልእክት ተሟላ፤ «ከዚህ ኬኦን ጥቂት አነስ ብሎ የሚወጣው ዓይነት በእኛ አቶም ዙሪያ የሚዞረው ነው፤ በአንተስ ዘንድ?» እንለዋለን። እርሱም «በእኔ ዘንድ የሚዞረው በዝቶ የሚወጣው ነው» ብሎ ቢመልስልን ምን ጊዜም በአካል እንዳንገናኝ እንጠንቀቅ፤ ቁስና ፀረ ቁስ ሲነካኩ ሁለቱም ጠፍተው ጨረር ብቻ ይሆናሉና።

ይህች ከሺህ ሦስት የምትሆን ልዩነት የሊቆች መጫወቻ ብቻ አይደለችም። ዓለም በተፈጠረችበት ጊዜ በነበረው ታላቅ ሙቀት ቁስና ፀረ ቁስ እኩል እኩል ይወጡ እንደ ነበር ይገመታል። እኩል ወጥተው እኩል ቢጠፉ ኖሮ ኮከብም፥ ምድርም፥ ይህን መጽሔት የያዘው እጃችሁም አይኖርም ነበር። ከእያንዳንዱ ቢሊዮን ፀረ ቅንጣት ጋር አንድ ቢሊዮንና አንድ ቅንጣት ነበረ ብንል ግምቱ ከእውነቱ አይርቅም፤ እኛ ከዚያ ከትርፉ አንድ የተሠራን ነን። ያ ትርፍ እንዲገኝ ሕጉ ቁስንና ፀረ ቁስን መለየት እንዳለበት አንድሬይ ሳክሃሮቭ በ1967 አሳየ። በ1973 ኮባያሺና ማስካዋ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ልዩነቱ እንዲገኝ ኳርክ የተባሉት ቅንጣቶች ቢያንስ ስድስት ዓይነት መሆን አለባቸው ብለው ጻፉ፤ በዚያን ጊዜ የታወቁት ሦስት ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ ሦስቱ እስከ 1995 ድረስ ተራ በተራ ተገኙ። በ2001 በአሜሪካና በጃፓን ልዩነቱ ቢ በተባለው ቅንጣት ላይ ታየ፤ በ2025 ደግሞ በጄኔቫ አጠገብ ያለው የሴርን ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከፕሮቶን ወገን በሆነ፥ ላምዳ ቢ በሚባል ቅንጣት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙት፤ ቍጥሩ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ነው።

ነገር ግን እስካሁን የተገኘው ልዩነት ሁሉ ቢደመር ለዚያ ለትርፉ አንድ አይበቃም፤ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ እየተፈለገ ይገኛል። ጃፓን ውስጥ ከቶካይ መንደር 295 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ካሚዮካ ተራራ ሥር ኒውትሪኖዎችን ይልካሉ፤ ከዚያ በኋላ ፀረ ኒውትሪኖዎችን ይልካሉ፤ በመንገድ ላይ መለዋወጣቸው እኩል ይሁን አይሁን ይቈጥራሉ።

የጽሑፌን ረቂቅ ከማንም አስቀድሜ ለዚያ ተማሪ ሰጠሁት። ሁለት ቀን ይዞት ቆየና ከትምህርት በኋላ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አመሰግናለሁ አላለኝም፤ ገጹን ገልጦ በጣቱ እያሳየኝ «ጋሼ፥ ከ22 ሺህ 700 ውስጥ 45ቱ ስሕተት እንዳልሆኑ በምን አወቁ?» አለኝ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥሁትና ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።